የኮምፒዩተር ድራይቨሮች የኃይል አጠባበቅ ስሕተትና የሚታረምበት መንገድ

ሒሳቡን፣ የዕቃ ዝርዝሩንና የደብዳቤ ልውውጡን በኮምፒዩተር ለሚያካሂድ የንግድ ቤት የመሣሪያው ደኅንነት ከካዝናው ደኅንነት የሚያንስ ጉዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዘወትር የሚሰማ አንድ አቤቱታ አለ። ሠራተኛው ማታ ሥራውን ሲጨርስ የላፕቶፑን ክዳን ዘግቶ ይሄዳል፤ ጧት ሲመለስ መሣሪያው ግሎ፣ ባትሪውም ተሟጦ ያገኘዋል። በሌላው መደብር ደግሞ ገንዘብ ተቀባዩ ከምሳ ሲመለስ የደረሰኝ ማተሚያው ወይም የባርኮድ ማንበቢያው ቢታዘዝ አልሰማ ይለዋል፤ ገመዱ ተነቅሎ እንደ ገና ሲሰካ ግን ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ይሠራል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ባትሪውን ይወቅሳል፤ ወይም ዕቃው አርጅቷል ብሎ ሌላ ለመግዛት ይነሣል። ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በዕቃው ላይ ሳይሆን ዕቃውን በሚያዘው ድራይቨር በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ስሕተቱም ሲገለጥ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ዐይነት ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም በጊዜው ያልተዘጋ ሒሳብ ነው። ይህ ጽሑፍ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ባለሙያዎች በምን ዘዴ እንደሚያርሙትና ባለንብረቱ ስለ ራሱ ጥቅም ምን ሊያውቅ እንደሚገባው በአጭሩ ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

የኮምፒዩተርን ሥራ በጠቅላላው የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም ሥርዓተ ክወና ወይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ዊንዶውስና ሊኑክስ በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል ናቸው። ሥርዓተ ክወና በአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሊመሰል ይችላል። ሥራ አስኪያጁ የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ በዝርዝር ሊያውቅ ስለማይችል ለየክፍሉ ኃላፊ እንደሚሾም ሁሉ፣ ሥርዓተ ክወናም ለማተሚያው፣ ለድምፅ ካርዱ፣ ለዲስኩና ለገመድ አልባው መረብ ለየራሳቸው አንዳንድ ኃላፊ አለው። ይህ ኃላፊ ድራይቨር ይባላል። ከላይ የመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ መሣሪያው በሚገባው ቋንቋ ያስተላልፋል፤ የመሣሪያውንም መልስ ወደ ላይ ያደርሳል።

የድራይቨሮች ብዛት እጅግ ከፍተኛ ነው። የሊኑክስ ልብ የሆነው ከርነል የተባለው ክፍል በጽሑፍ መልኩ ሲታይ ከግማሹ የሚበልጠው የድራይቨር ጽሑፍ ነው። ይህንንም የጻፉት በልዩ ልዩ አገሮችና በልዩ ልዩ ኩባንያዎች የሚሠሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የተነሣ አንዱ ድራይቨር በከፍተኛ ጥንቃቄ የተጻፈ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ መሣሪያው ነቅቶ ሲሠራ ብቻ ተፈትኖ፣ ሲተኛና ሲነቃ ሳይፈተን የቀረ ሊሆን ይችላል።

ኃይልን የመቈጠብ ኃላፊነት ወደ ድራይቨሮች እንዴት መጣ?

በ1992 ዓ.ም. ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ኤ ፒ ኤም የተባለውን የኃይል አጠባበቅ ስምምነት አወጡ። በዚህ ስምምነት መሠረት ኮምፒዩተሩን የማስተኛቱን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውነው ባዮስ የተባለው በኮምፒዩተሩ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም ነበር። ባዮሱ ግን ባለንብረቱ በዚያ ሰዓት ምን በመሥራት ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህም ውሳኔው ሁልጊዜ ከሥራው ጋር የሚስማማ አልነበረም።

በ1996 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በአንድነት ኤ ሲ ፒ አይ የተባለውን አዲስ ደንብ አሳተሙ። የዚህ ደንብ ዋና ቁም ነገር ሥልጣኑን ከባዮስ ወደ ሥርዓተ ክወና ማዛወሩ ነው። ደንቡ ለኮምፒዩተሩ በጠቅላላው ልዩ ልዩ ደረጃዎችን መደበ። ኤስ 0 የሥራ ጊዜ ነው። ኤስ 3 ማኅደረ ትውስታው ብቻ ጥቂት ኃይል እያገኘ ሌላው ሁሉ የሚተኛበት ነው። ኤስ 4 የሥራው ይዞታ ሁሉ በዲስክ ላይ ተጽፎ ኮምፒዩተሩ የሚጠፋበት ሲሆን፣ ኤስ 5 ደግሞ ፈጽሞ የመዘጋት ደረጃ ነው። ለየመሣሪያውም ከዲ 0 እስከ ዲ 3 የሚደርሱ ደረጃዎች ተሰጡት፤ ዲ 0 ሙሉ ንቃት፣ ዲ 3 ጥልቅ እንቅልፍ ነው። የደንቡ ጥበቃ በ2013 ዓ.ም. ዩ ኢ ኤፍ አይ ፎረም ለተባለው ማኅበር ተላልፏል።

ሥልጣን ሲዛወር ግን ግዴታም አብሮ ይዛወራል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱ ድራይቨር መሣሪያውን በሥርዓት የማስተኛትና በሥርዓት የመቀስቀስ ግዴታ ወደቀበት። በቅርብ ጊዜ በሚሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ደግሞ የኤስ 3 ደረጃ ቀርቶ፣ ኮምፒዩተሩ በኤስ 0 እንዳለ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ የሚያንቀላፉበት አሠራር ተተክቷል። በዚህ አሠራር አንዲት አነስተኛ መሣሪያ ሳትተኛ ብትቀር ዋናው ፕሮሰሰር ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ የአንድ ድራይቨር ቸልተኝነት ለጠቅላላው ኮምፒዩተር ኪሳራ ይሆናል።

የመተኛትና የመንቃት ቅደም ተከተል

አንድ መደብር ማታ ሲዘጋ የሚፈጸመው ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ አዲስ ደንበኛ መግባቱ ይቆማል፤ ቀጥሎ ገንዘቡ ይቈጠራል፤ ከዚያ ዕቃው ይሰበሰባል፤ በመጨረሻም መብራቱ ጠፍቶ በሩ ይቈለፋል። ጧት ሲከፈት ይኸው ሥራ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይፈጸማል። በሩን ሳይከፍት ገንዘብ ሊቈጥር የሚችል ሰው የለም።

የሊኑክስ አሠራርም ይህንኑ ይመስላል። ኮምፒዩተሩ እንዲተኛ ሲታዘዝ በመጀመሪያ የባለንብረቱ ፕሮግራሞች ባሉበት እንዲቆሙ ይደረጋል። ቀጥሎ መሣሪያዎቹ ይተኛሉ። በዚህ ጊዜ ጥገኛው ከሚመካበት ቀድሞ መተኛት አለበት፤ ለምሳሌ በዩ ኤስ ቢ መስመር የተሰካው ማተሚያ ከመስመሩ ተቈጣጣሪ አስቀድሞ ይተኛል። በሚነቁበት ጊዜ ደግሞ ተቈጣጣሪው ይቀድማል፤ ማተሚያው ይከተላል። ይህ ተራ ከተዛባ ማተሚያው መልእክቱን ወደ ጨለማ ይልካል፤ መልስ ሳያገኝም ይቀራል። አንዳንድ መሣሪያዎች በመስመር ሳይያያዙ በሥራ ብቻ የሚደጋገፉ በመሆናቸው፣ የሊኑክስ አዘጋጆች በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ከርነል ድራይቨሩ ይህን መደጋገፍ በግልጽ የሚያስመዘግብበትን መንገድ ጨምረዋል።

የመግቢያና የመውጫ መዝገብ

ከላይ የተገለጸው ኮምፒዩተሩ በሙሉ የሚተኛበት ሥርዓት ነው። ከዚህ ሌላ ግን ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ ሥራ የፈታው መሣሪያ ብቻ ተነጥሎ የሚያንቀላፋበት ሥርዓት አለ። ድምፅ በማይሰማበት ጊዜ የድምፅ ካርዱ፣ ሥዕል በማይነሣበት ጊዜ ካሜራው ኃይል እንዳይበላ ይደረጋል ማለት ነው። በሊኑክስ ይህ አሠራር ለልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚያገለግል አንድ ወጥ ሥርዓት ሆኖ የወጣው በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

የሥርዓቱ መሠረት አንድ ቁጥር ነው። ከመሣሪያው ጋር ጉዳይ ያለው የፕሮግራም ክፍል ሁሉ መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት በቁጥሩ ላይ አንድ ይጨምራል፤ ጉዳዩን ሲፈጽም ደግሞ አንድ ይቀንሳል። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ እስከ ሆነ ድረስ መሣሪያው እንዲተኛ አይፈቀድም፤ ዜሮ ሲደርስ ግን ሊተኛ ይችላል። ይህም በአንድ ትልቅ መጋዘን በር ላይ እንደሚቀመጥ መዝገብ ነው። የሚገባ ሁሉ ሲገባ ይፈርማል፤ ሲወጣም ይፈርማል። ዘበኛው በመዝገቡ ላይ በውስጥ የቀረ ሰው አለመኖሩን ሲያይ መብራቱን አጥፍቶ ይቈልፋል።

እንግዲህ አንድ ሠራተኛ መውጫውን ሳይፈርም ቢሄድ ምን ይሆናል? ዘበኛው ሰው አለ ብሎ መብራቱን ሲያበራ ያድራል። አንዱ ደግሞ መውጫውን ሁለት ጊዜ ቢፈርምስ? ዘበኛው በውስጥ የቀረውን ሌላውን ሰው ቈልፎበት ይሄዳል። በድራይቨሮች ላይ ከሚታዩት የኃይል አጠባበቅ ስሕተቶች ብዙዎቹ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን የሚመስሉ ናቸው። የመጀመሪያው ባትሪ ይጨርሳል፤ ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለውን መሣሪያ አስተኝቶ ሥራ ያቋርጣል።

ዘወትር የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

አንደኛው ስሕተት ከዚሁ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ ነው። በሊኑክስ ድራይቨሩ መሣሪያውን የሚቀሰቅስበት አንድ የታወቀ ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ መሣሪያው አልነቃም ብሎ ሲመልስ እንኳ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይተወዋል። ብዙ የድራይቨር ጸሐፊዎች ግን መሣሪያው ካልነቃ መዝገቡም አልተነካም ብለው በማሰብ የጨመሩትን አንድ ሳይቀንሱ ይመለሱ ነበር። እንዲህ ያለው ሒሳብ ሳይዘጋ ይቀራል፤ መሣሪያውም ከዚያ በኋላ ሊተኛ አይችልም። ስሕተቱ በብዙ ድራይቨሮች ላይ ተደጋግሞ በመገኘቱ በ2020 ዓ.ም. መቀስቀሱ ሳይሳካ ሲቀር መዝገቡን በራሱ የሚያስተካክል ሌላ ትእዛዝ ተዘጋጀ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ድራይቨሮች በዚሁ ታርመዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የተኛውን መሣሪያ መንካት ነው። ፒ ሲ አይ በተባለው መስመር ላይ የተተከለ መሣሪያ ኃይሉ ጠፍቶ ሳለ ድራይቨሩ ሊያነበው ቢሞክር በአብዛኛው የሚያገኘው መልስ ሁሉም አኃዞች አንድ የሆኑበት ቁጥር ነው። ጥንቁቅ ድራይቨር ይህን ሲያይ መሣሪያው እንደሌለ ይረዳል፤ ያልተጠነቀቀው ግን እውነተኛ መልስ ነው ብሎ በተሳሳተ ቁጥር ይሠራል። በእጅ ስልክና በመሳሰሉት ውስጥ በሚገኙ አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ኃይል ያልደረሰውን ክፍል መንካት ኮምፒዩተሩን በሙሉ ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል።

ሦስተኛው ስሕተት የመርሳት ስሕተት ነው። ኃይሉ ፈጽሞ የተቋረጠበት መሣሪያ ቀድሞ የተሰጠውን መመሪያ ሁሉ ይረሳል። ድራይቨሩ ከመተኛቱ በፊት መመሪያውን መዝግቦ መያዝና በሚነቃበት ጊዜ እንደ ገና መስጠት ይገባዋል። ይህን ያልፈጸመ ድራይቨር ከእንቅልፍ በኋላ ድምፅ የሌለው ድምፅ ካርድ ወይም መረብ የማያገኝ የመረብ ካርድ ለባለንብረቱ ያስረክባል።

አራተኛው ስሕተት ያለ ጊዜው መቀስቀስ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች ኮምፒዩተሩን ከእንቅልፍ የመቀስቀስ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፤ የቍልፍ ሰሌዳና የመረብ ካርድ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ድራይቨሩ ይህን ፈቃድ ለማይገባው መሣሪያ ቢሰጥ ወይም የቈየ ምልክት ሳያጠፋ ቢተኛ ኮምፒዩተሩ በቦርሳ ውስጥ እንዳለ ነቅቶ ይግላል።

አምስተኛው ስሕተት በዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ይበልጥ የታወቀ ነው። ሥርዓተ ክወናው «ተኛ» ወይም «ንቃ» የሚል ትእዛዝ ሲልክ ድራይቨሩ ትእዛዙን ተቀብሎ መልስ ሳይሰጥ ያቆየዋል። ዊንዶውስ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ከጠበቀ በኋላ ሥራውን ሁሉ አቁሞ በስክሪኑ ላይ የስሕተቱን መለያ ያሳያል። ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ በዚያን ጊዜ ይጠፋል።

ስሕተቱን ማግኘት ለምን ያስቸግራል?

በሌላው ፕሮግራም ላይ ስሕተት ሲፈጠር የሆነውን ነገር በዝርዝር የሚመዘግብ መዝገብ በዲስክ ላይ ይገኛል። ኮምፒዩተሩ በመተኛት ወይም በመንቃት ላይ ሳለ ስሕተት ቢፈጠር ግን ዲስኩም ተኝቷል፤ ስክሪኑም ጨልሟል፤ የመረብ መስመሩም ተዘግቷል። የሞተው ኮምፒዩተር የት ላይ እንደ ሞተ የሚናገር ምስክር የለም።

በ2006 ዓ.ም. የሊኑክስ ጀማሪ የሆነው ሊነስ ቶርቫልድስ ለዚህ ችግር አንድ ያልተለመደ መፍትሔ አበጀ። ኮምፒዩተሩ በግድ ጠፍቶ ሲከፈት ይዘቱን ሳይለውጥ የሚቈይ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው የቀን መቍጠሪያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከርነሉ መሣሪያዎቹን በሚቀሰቅስበት ጊዜ በእያንዳንዱ እርምጃ ያለበትን ስፍራ የሚያመለክት ቁጥር ወደ ሰዓቱ እንዲጽፍ አደረገ፤ ቁጥሩም የቀንና የሰዓት መልክ ይይዛል። 100 ዓመታት፣ 12 ወራት፣ 28 ቀናት፣ 24 ሰዓቶችና በየሰዓቱ 20 የሦስት ደቂቃ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ሲባዙ 16,128,000 ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ለመጻፍ ያስችላሉ። ኮምፒዩተሩ ቀጥ ብሎ ሲቀር መርማሪው አጥፍቶ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንደ ገና ያስነሣዋል፤ ከሰዓቱ ላይ የተነበበውም ቁጥር ስሕተቱ የተፈጠረበትን ስፍራና መሣሪያውን ይጠቁማል። የዚህ ዘዴ ዋጋ የኮምፒዩተሩ ቀን መዛባቱ ብቻ ነው፤ እርሱም ምርመራው ሲያልቅ ይስተካከላል።

የማረሚያው መንገድ

ልምድ ያለው መርማሪ የድራይቨሩን ጽሑፍ ከመንካቱ በፊት የስሕተቱን ስፍራ ያጠብባል። ሊኑክስ ለዚህ የሚያገለግል አምስት ደረጃ ያለው መፈተኛ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ፕሮግራሞቹ ብቻ እንዲቆሙ ይደረግና ከ5 ሰከንድ በኋላ ተመልሰው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በሁለተኛው መሣሪያዎቹም ይተኛሉ። በሦስተኛው የፊርምዌሩ ዝግጅት ይጨመራል፤ በአራተኛው ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ፕሮሰሰሮች ይቆማሉ፤ በአምስተኛው ደግሞ የመጨረሻው የከርነል ክፍል ይፈተናል። የመጀመሪያው ደረጃ አልፎ ሁለተኛው ቢወድቅ ጥፋተኛው ከድራይቨሮች መካከል ለመሆኑ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ጥፋተኛው ድራይቨር ከብዙዎቹ መካከል ይለያል። መርማሪው ሊነሡ ከሚችሉት ድራይቨሮች ግማሾቹን አንሥቶ ይፈትናል። ስሕተቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ከተነሡት ውስጥ ነው፤ ካልጠፋም ከቀሩት ውስጥ ነው። ይህንኑ በመደጋገም ጥቂት ጊዜ ብቻ ፈትኖ ወደ አንዱ ይደርሳል። ቀድሞ ይሠራ የነበረው በአዲስ እትም የተበላሸ እንደ ሆነ ደግሞ ይኸው የግማሽ በግማሽ ዘዴ በለውጦቹ ዝርዝር ላይ ይሠራበታል። በሁለቱ እትሞች መካከል 1,000 ለውጦች ቢኖሩ 10 ፈተናዎች ያህል ጥፋት ያመጣውን አንዱን ለውጥ ለይተው ለማውጣት ይበቃሉ።

ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ እርማቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። በአንዱ ድራይቨር ላይ የቀረው አንድ የመውጫ ፊርማ ይጨመራል። በሌላው ላይ ሁለት መስመሮች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ማለት መሣሪያው ኃይሉ ከመቋረጡ በፊት ለፕሮሰሰሩ ጥሪ መላኩን እንዲያቆም ይደረጋል። በሦስተኛው ላይ ከእንቅልፍ በኋላ መመሪያውን የሚመልስ ክፍል ይጻፋል። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ኮምፒዩተሩ በራሱ የሰዓት ደወል እየነቃ ደጋግሞ፣ ቢቻል በመቶ የሚቈጠር ጊዜ፣ እንዲተኛና እንዲነሣ ይደረጋል። ስሕተቱ ከሃያ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ከሆነ አንድ ፈተና አልፎ «ታርሟል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

እርማቱ በዚህ አያበቃም። የሚመለከተው የሥራ ክፍል ኃላፊ ይመረምረዋል፤ ከተቀበለውም በኋላ ወደ ዋናው ከርነል ይገባል። በሊኑክስ ዘንድ የታወቀው ጥብቅ ደንብ ቀድሞ ለተጠቃሚው ይሠራ የነበረውን ነገር አዲስ ለውጥ እንዳያበላሽበት የሚል ነው። አንዱን ላፕቶፕ የሚያርም ለውጥ ሌላውን የሚያበላሽ ሆኖ ከተገኘ ይመለሳል፤ ሥራውም እንደ ገና ይጀመራል።

ማስተኛትን መከልከል እርማት ነውን?

በ2007 ዓ.ም. የሊኑክስ አዘጋጆች ለጥቂት ሰከንዶች ሥራ የፈታ የዩ ኤስ ቢ መሣሪያ በራሱ እንዲተኛ የሚያደርግ አሠራር አወጡ። አሳቡ መልካም ነበር፤ የዩ ኤስ ቢ ደንብም መሣሪያዎቹ መተኛትንና መንቃትን እንዲያውቁ ያዝዛል። በተግባር ሲታይ ግን በገበያ ላይ የነበሩ በርካታ ማተሚያዎችና ስካነሮች ከተኙ በኋላ በትክክል የማይነቁ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ አዘጋጆቹ አሳባቸውን ለወጡ፤ መስመር ከሚያከፋፍለው ሃብ ከተባለው መሣሪያ በቀር ሌላው ድራይቨሩ ወይም ባለንብረቱ ካልፈቀደ በራሱ እንዳይተኛ አደረጉ። ጠባያቸው የተበላሸ መሣሪያዎች የሚጻፉበትም ዝርዝር በከርነሉ ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። መሣሪያው ራሱ ሲሠራ ጉድለት ይዞ የወጣ ከሆነ እንዳይተኛ መከልከሉ ትክክለኛ እርማት ነው፤ ድራይቨሩ የፋብሪካውን ጥፋት ሊያስተካክል አይችልምና። ጥፋቱ በድራይቨሩ መዝገብ ላይ ከሆነ ግን መከልከሉ ሒሳቡን ሳያመሳክሩ መዝገቡን እንደ መክደን ያለ ነው፤ ችግሩ ከዐይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም፤ ወጪውም በየሌሊቱ ይከፈላል።

የወጪውን መጠን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ ላፕቶፕ ባትሪ 50 ዋት ሰዓት ይይዛል እንበል። በሚገባ ተኝቶ ግማሽ ዋት ብቻ ቢወስድ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ባለው የ14 ሰዓት ጊዜ 7 ዋት ሰዓት ያወጣል፤ አብዛኛው ባትሪ ለቀኑ ሥራ ይተርፋል። አንዲት ያልተኛች መሣሪያ ፍጆታውን ወደ 5 ዋት ከፍ ብታደርገው ግን ባትሪው በ10 ሰዓት ውስጥ አልቆ ኮምፒዩተሩ ሳይነጋ ይጠፋል። እንዲሁም 20 የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት ከችግር ለመገላገል ሲል እንቅልፍን ቢከለክልና እያንዳንዱ ሥራ ፈትቶ 40 ዋት ቢወስድ በአንድ ሌሊት 11.2 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ300 ሌሊት 3,360 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለ ጥቅም ይከፍላል።

ለባለንብረቱ የሚጠቅሙ ምክሮች

ኮምፒዩተሮችን በብዛት ለመግዛት ያሰበ ድርጅት አስቀድሞ አንዱን ብቻ ወስዶ መፈተን ይገባዋል። ፈተናውም የሚደረገው በሥራ ላይ የሚያስፈልጉት ማተሚያ፣ ባርኮድ ማንበቢያና የመረብ ገመድ ሁሉ ተሰክተው ነው። ኮምፒዩተሩ ቢያንስ አሥር ጊዜ ተኝቶ ይነሣ፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ድምፁ፣ መረቡና ማተሚያው መሥራታቸው ይታይ። ማታ ሲተኛና ጧት ሲነሣ ያለው የባትሪ መጠን በመቶኛ ተመዝግቦ ይነጻጸር። ይህ ፈተና አንድ ሌሊትና አንድ ጧት እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም።

መብራት በሚቋረጥበት ስፍራ ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በኤስ 3 ደረጃ ተኝቶ ሳለ ኃይል ቢጠፋበት በማኅደረ ትውስታው የነበረው ሥራ ሁሉ ይጠፋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሥራው በዲስክ ላይ የሚጻፍበት ኤስ 4 ይመረጣል፤ ሠራተኛውም ከመሄዱ በፊት ሥራውን የማስቀመጥ ልማድ ይኑረው።

ችግር የተፈጠረ እንደ ሆነ ለጠጋኙ ወይም ለሻጩ «አልሠራም አለ» ብሎ ማመልከት አይበቃም። የኮምፒዩተሩ ሞዴል፣ የሥርዓተ ክወናው እትም፣ በዚያን ጊዜ የተሰኩት መሣሪያዎች፣ ችግሩ ከስንት ጊዜ ስንቴ እንደሚታይና ቀድሞ ይሠራ እንደ ነበረ መግለጽ ያስፈልጋል። ከእነዚህም ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው፤ በየትኛው እትም ይሠራ እንደ ነበረ ከታወቀ መርማሪው ግማሹን መንገድ ጨረሰ ማለት ነው። ድራይቨሮችንና ፊርምዌሮችን ማደስ መልካም ነው፤ ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ በአንድ ቀን ከመጫን በፊት በአንዱ ላይ መፈተን ይቀድማል።

ድራይቨርን የሚያርም ባለሙያና መዝገብን የሚመረምር ሒሳብ ዐዋቂ ሥራቸው የተራራቀ ቢመስልም የሚመሩበት ደንብ አንድ ነው። የተወሰደው ሁሉ ሊመለስ፣ የተከፈተው ሁሉ ሊዘጋ፣ የመጀመሪያውም ከመጨረሻው ጋር ሊመሳከር ይገባዋል። ይህ በጥንቃቄ በተፈጸመበት ኮምፒዩተር ሠራተኛው ማታ የዘጋውን ክዳን ጧት ሲከፍት ሥራውን ካቆመበት ስፍራ፣ ባትሪውንም ካስቀመጠው መጠን ብዙም ሳይጐድል ያገኘዋል።